መርጫና መምረጫ

«ቆይ፣ እንዳትረጭ» አለችው እህቱ የመርጫውን ቱቦ ጨብጣ። «መጀመሪያ እውነቱን ንገረኝ። ባለፈው ስትረጭልኝ መድኃኒቱን በውሃ አቅጥነኸዋል?»

ሰውየው ሙሉ መርጫ በጀርባው እንዳዘለ ክው አለ። የአካባቢው ሰው «ጠብታ» የሚለው አንዲት ጠብታ ስለማያባክን ነው። በየማሳው ፀረ-አረም እየዞረ የሚረጨው እሱ ነው፤ የሚኖረውም በዚያ ነው። አቅጥኗል የሚል ወሬ ከወጣበት አለቀለት። ሌላ ሰው ብሎት ቢሆን ጥሎ ይሄድ ነበር። ያለችው ግን ታላቅ እህቱ ናት፣ ያሳደገችው።

«እትዬ፣ አንቺም እንደዚህ ታስቢኛለሽ?»

«ምን ላስብ ታዲያ? ዓይንህ አያይም?»

ያያል እንጂ። ከረጨ ቆይቷል፤ የእህቱ ስንዴ ግን በሲናር ተውጧል። ይሄ ሲናር የሚሉት ጉደኛ ሣር፣ ቡቃያ ሳለ ስንዴ መስሎ ሰው ያታልላል፤ ካደገ በኋላ ደግሞ ከስንዴው በላይ አንገቱን አውጥቶ ይንጎራደዳል። በታችኛው ጥግ፣ ስንዴው ከሁሉ ባማረበት ቦታ፣ ብሶበታል።

«ለምዶታል» አለ ጠብታ። «በየዓመቱ ይህንኑ መድኃኒት ስናጠጣው ለመደው። ዛሬ እጥፍ አድርጌ በጥብጬለታለሁ፤ በዚህ ካልሞተ ስሜን ቀይሪው።»

እህቱ ቀሚሷን ሰብስባ ማሳው ውስጥ ገባችና ቁጢጥ አለች። ጉልበቷ ያማታል፤ ግን አንድ ነገር ከከነከናት ሳታጣራ የምትነሣ ሴት አይደለችም። የስንዴውን ሥር ገለጥ ገለጥ አደረገች።

«ና እስኪ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ሲናር። የሞተ ሲናር።»

«ይሄስ?»

«እሱ ደግሞ ያልሞተው።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው ጣት አይገባም። አንዱ በቡቃያው ቢጫ ሆኖ ደርቆ ቀርቷል። ሌላው ለምለም ነው።

«አቅጥነኸው ቢሆን ይሄ አይሞትም ነበር» አለች። «ይቅር በለኝ፣ በከንቱ ጠረጠርኩህ።»

ጠብታ እፎይ አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ላብ እንደሚጠርግ ሰው በእጅጌው አበሰው። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ለመደ ካልከኝ ታዲያ፣ ይሄኛው ለምን አልለመደም? አብረው በቀሉ፣ አብረው ጠጡ።»

«እንጃ። ያኛው ሲፈጥረው ጠንካራ ይሆናላ።»

«እኔም የምልህ እሱን ነው። ማንም አልለመደም። ደካማው አለቀ፣ ጠንካራው ቀረ። የቀረው ዘሩን አራገፈ። በዓመቱ ልጆቹ በቀሉ፣ አንተም መጣህና ከልጆቹ መሐል ደካማ ደካማውን ለቀምክለት። እኔ ደህና የምትታለበዋን ላም ጥጃ እያስቀረሁ ሌላውን የምሸጠው ለምንድን ነው? ይኸው አንተም ስትደክም ከርመህ የሲናር ምርጥ ዘር አወጣህልኝ።»

ጠብታ አፉን ከፍቶ አያት። ምርጥ ዘር፣ ያ ሰው ወረፋ ይዞ የሚገዛው! ሳቅ አፈነው፤ መድኃኒቱ ጀርባው ላይ እስኪንቦጫረቅ ሳቀ።

«ለካ ይሄ የተሸከምኩት መርጫ አይደለም» አለ። «መምረጫ ነው።»

ሳቁ ሲበርድለት አንዱን ረጅም ሲናር በጣቱ ዳሰሰው። ወንድ ነው፣ ብሎ አሰበ። ውሃ ያጠጣው የለ፣ የኮተኮተው የለ፤ መርዝ እየጠጣ ዘሩን አቆየ። አንጀቱ እያረረ አደነቀው። ከሲናሩ ይልቅ ያደነቃት ግን እህቱን ነው። እሱ በእነዚህ ማሳዎች ሲመላለስ ስንት ዘመኑ፤ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ የሞቱትን አላያቸውም።

«እጥፉን ብረጨውስ?»

«ጊዜው አልፏል። ስንዴዬን ትጎዳለህ፤ ከዚያም የተረፈ ሲናር ካለ የባሰውን ይወልዳል።» ተነሣችና ወደ ታችኛው ጥግ አየች። ሲናር ስንዴው ሳይደርስ ቀድሞ ዘሩን ያራግፋል፤ ካራገፈ የከርሞው ማሳ የሱ ነው። «ያ ጥግ ዛሬውኑ ይታጨድ። ከነስንዴው። ሌላ ሌላው በእጅ ይነቀላል።»

«እትዬ፣ ምርጡ ስንዴሽ እኮ እዚያ ነው።»

«ምርጡ ሲናሬም እዚያ ነው። ላሞቼ ይብሉት።»

«አይሆንም፣ መድኃኒት የነካው ነው። ደርቆ ይቃጠላል።»

ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ስንዴ ነው። «እንግዲህ ይቃጠል» አለች አንዱን ስንዴ በእጇ እየዳሰሰች።

የጠብታ ስልክ ጮኸ። ማዶ ያለው ገበሬ ነው፤ ለከሰዓት ቀጥሮት ነበር።

«ሲናሩ አልሞት ብሎኛል» አለው። «የምትለውን እከፍላለሁ፣ እጥፍ በጥብጠህ ና።»

በዚህ ወቅት ኪሱን የሚሞላለት እንዲህ ያለው ጥሪ ነው። እህቱ ቆማ ታየዋለች። ጠብታ ማንገቻውን ከትከሻው አወለቀና መርጫውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ።

«እመጣለሁ» አለ። «ማጭድ አለህ ወይስ የራሴን ይዤ ልምጣ?»