የአያ ያለው ፈቃድ

በፈረንጆቹ 2004 ዓ.ም. ሸጋ እስራኤል አገር ፔታሕ ቲክቫ ከተማ ባለ አንድ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራ ነበር። ሥራዋ ከሕሙማን ወገብ በመርፌ የተቀዳ ፈሳሽ መለካት ነው። አንጎል የሚሠራባቸው ቅመሞች አገልግለው ሲፈርሱ ቅሪታቸው ወደዚያ ፈሳሽ ይወርዳል፤ ሸጋም መጠኑን ለክታ ለዶክተር ኖጋ ጥናት ትመዘግባለች። ሕሙማኑን ግን አታውቃቸውም። እሷ ዘንድ የሚደርሰው ቁጥር የተለጠፈበት ብልቃጥ ብቻ ነው።

አንድ ማለዳ ዶክተር ኖጋ ራሷ መጣች። ከሻአሪያ ሰፈር የመጡ አንድ የጎንደር ሰው ተኝተዋል፤ ዕብራይስጣቸው ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃም፤ አስተርጓሚዋ ደግሞ ወልዳ ቤቷ ናት። አማርኛ የምታውቀው ሸጋ ልታስተረጉም ተከተለቻት።

ሰውየው አያ ያለው ይባላሉ። ለዓመታት ፕላስቲክ ፋብሪካ የሠሩ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። በዚያ በጋ መጀመሪያ ወሬ ተዉ፤ ቀጥሎ እህል ተዉ፤ በመጨረሻም ቤት ያገኙትን ክኒን ሁሉ ዋጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሬ ናቸው ደርሰው ያተረፏቸው።

ዶክተሯ ለጥናቱ ከወገባቸው ፈሳሽ ለመቅዳት ፈቃዳቸውን ስትጠይቅ ሸጋ ቃል አጠራት። የተማረችው ሁሉ በዕብራይስጥ ነው። በመጨረሻ፣ «አተላውን አይቶ ጠላው እንዴት እንደተጠመቀ እንደማወቅ ነው» አለቻቸው።

ወይዘሮ ደብሬ ለባላቸው ምን እንደሚጠቅም ጠየቁ። ዶክተሯ በሽታውን ለመረዳት እንደሚያግዝ እንድትነግራቸው አዘዘች። ሸጋ ግን ከመተርጎሟ በፊት ወደ እሷ ዞረች።

«የሳቸውን ሕክምና ይለውጣል?»

«አይለውጥም» አለች ዶክተር ኖጋ፤ «የሚጠቅመው ምናልባት ወደፊት ለሚታመሙ ነው።»

ሸጋ ያንኑ እንዳለ ተረጎመችው። ወይዘሮ ደብሬ ፊታቸው ጠቆረ። «የዛሬ ስምንት ዓመት እኛ ኢትዮጵያውያን የሰጠናቸውን ደም እንደጣሉት ሰምተናል። አሁን ደግሞ የጀርባውን ውኃ?» አሉ። አያ ያለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የፈቃድ ቅጹ ሳይፈረም ቀረ። ዶክተሯ ኮሪደር ላይ፣ የጠራቻት እንድታስተረጉም እንጂ እንድትከራከር አለመሆኑን ነገረቻት፤ ሸጋም ከተባለው ሌላ አንድም ቃል እንዳልጨመረች መለሰችላት። ለቀናት ሳይነጋገሩ ሰነበቱ።

አያ ያለው መድኃኒት ተጀመረላቸው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሸጋ ለምሳ ወጥታ በግቢው ስታልፍ ከአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ በእጃቸው ጠሯት።

«ያን ፈሳሽ ውሰዱት» አሏት።

ምን አሳባቸውን እንደለወጠው ጠየቀቻቸው። ብሩ የሚባል ታናሽ ወንድም እንደነበራቸው አጫወቷት። ወደ እስራኤል ለመሻገር በሱዳን በኩል አብረው ነው የተጓዙት። ሱዳን፣ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሳሉ ብሩ አንድ ጠዋት መናገር ተወ። ገሚሱ ሰው ቡዳ ነው አለ፣ ገሚሱ ሐዘን ነው አለ። አንድ ቀን ብሩ ተነሥቶ ወደ በረሃው ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

«ውስጡ ምን እንደነበር ያየለት የለም» አሉ። «የኔን እዩት። እዚህ ሁሉም በሰደር፣ በሰደር፣ ደህና ነው ይለኛል። አይጠቅምዎትም ብለሽ እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ሸጋ ምሳዋን ትታ ወደ ዶክተር ኖጋ ሄደች። ዶክተሯ መጀመሪያ ደስ አላት፤ ወዲያው ግን ራሷን ነቀነቀች። መድኃኒቱ አምስት ሳምንት ሠርቷል፤ አሁን ቢለካ የሚታየው የመድኃኒቱ ሥራ እንጂ የበሽታው አይደለም። ለጥናቱ አይሆንም። ቀጥላም ሰውየውን ቅር ከማሰኘት ዝም ብሎ መቅዳት ይሻል እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ከዚያስ የት እናደርገዋለን?» አለች ሸጋ።

«ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለች ዶክተሯ።

አብረው ሄዱ። ወይዘሮ ደብሬም ሊጠይቁ መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ሸጋ እያንዳንዱን ቃል በቀስታ ተረጎመች። አያ ያለው እጆቻቸውን እያዩ አዳመጡ። «ዘገየሁ ማለት ነው» አሉ።

ያኔ ዶክተር ኖጋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስለ ወንድማቸው እንዲነግሯት ለመነቻቸው። ዕድሜውን፣ ስንት ቀን ዝም እንዳለ፣ ከዘመድ እንዲህ የሆነ ሌላ ሰው እንደነበረ እየጠየቀች ጻፈች። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። አባታቸውም አንድ ክረምት ሙሉ አፋቸውን ዘግተው እንደከረሙ አያ ያለው የተናገሩት ያን ቀን ነው። ለማንም ነግረውት አያውቁም።

ወይዘሮ ደብሬ አያ ያለውን ያገቡት እዚሁ እስራኤል ነው፤ ብሩ ሱዳን ላይ በወባ እንደሞተ ነበር የሚያውቁት። ለምን ደበቅኸኝ አላሉም።

«መልኩ ምን ይመስል ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ከኔ ይረዝማል» አሉ አያ ያለው። «ሳቂታ ነበር።»

ዶክተሯ ብዕሯን አንሥታ ትርጉሙን ጠበቀች። ሸጋ ይህ የባልና ሚስቱ ጨዋታ እንደሆነ በዝግታ ነገረቻት፤ ዶክተሯም ደብተሯን አጠፈች።

አያ ያለው ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል፣ በኋላ ቤታቸው ገቡ። በየወሩ ለሕክምና ይመላለሳሉ፣ መድኃኒታቸውንም አላቋረጡም። ደህና ቀን አላቸው፣ ክፉ ቀንም አላቸው። ክፉው ቀን ሲመጣ አሁን ለወይዘሮ ደብሬ ይናገራሉ።