ብዙ የተጠቀሰው ጽሑፍ

ሒክማ አሕመዲን በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬቷን ልትይዝ የቀራት ምርቃቱ ብቻ ነበር። በስሟ የታተመው ጥናት አንድ ነው፤ እሱም አማካሪዋ ዶክተር ምስጋናው የራሱን ስም አስቀድሞ፣ የእሷን አስከትሎ ያሳተመው ነው። ቢሆንም በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች በጽሑፋቸው ዋቢ ስለሚያደርጉት፣ በዩኒቨርሲቲው የእሱን ያህል የተጠቀሰ የኮምፒውተር ጥናት አልነበረም። ሐይቅ ከተማ ያሉት እናቷ ነገሩ ብዙም ባይገባቸውም፣ የልጃቸውን ጽሑፍ ፈረንጁ ሁሉ እንደሚያነሳው ለጎረቤት ያወሩ ነበር።

ጥናቱ ቅጠሉን ቢጫ ዱቄት የሚያለብሰውን በሽታ፣ የስንዴ ዋግን፣ በስልክ ስለመለየት ነው። ገበሬው ቅጠሉን ፎቶ ሲያነሳ አፕሊኬሽኑ "ጤነኛ" ወይም "ዋግ ጀምሮታል" ይለዋል። ኮምፒውተሩ የተማረባቸውን ፎቶዎች ሒክማ የሰበሰበችው አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ በላይ ካለው ከአቶ ሽታው ማሳ ነበር። አቶ ሽታው የአባቷ ወዳጅ ናቸው፤ አባቷ ወደ አኼራ ከሄዱ ወዲህ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት።

በጥቅምት አቶ ሽታው ደወሉ። ስንዴው ቢጫ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል፤ ስልኩ ግን ጤነኛ ነው እያለ ነው፤ እሳቸውም እሱን አምነው መድኃኒት ሳይረጩ ሰንብተዋል። ሒክማ በማግስቱ በሚኒባስ ውጫሌ ደረሰችና የቀረውን በእግሯ ወጣች። ማሳው ውስጥ ገብታ ስትወጣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ቢጫ ሆኗል። አንዱን ቅጠል እዚያው እንዳለ በስልኳ ፎቶ አነሳችው፤ "ጤነኛ" አላት። ያንኑ ቅጠል ቀጥፋ ቤት ወሰደችና ጠረጴዛ ላይ አድርጋ አነሳችው፤ "ዋግ ጀምሮታል" አላት።

ያን ጊዜ ገባት። ለጥናቱ የታመሙትን ቅጠሎች እየቀጠፈች ጠረጴዛ ላይ ነበር ያነሳቻቸው፤ ጤነኞቹን ግን ማሳው ላይ እንደቆሙ። ኮምፒውተሩ የተማረው ጠረጴዛን ከማሳ መለየት ነበር እንጂ ስለ ዋግ የሚያውቀው ነገር የለም። የተፈተነውም በዚያው ዓይነት ፎቶ ስለሆነ ውጤቱ አምሮ ወጣ።

አቶ ሽታው በሩ ላይ ቆመው ያዩዋታል።

"አሁን ብረጨውስ?"

"ጊዜው አልፏል ጋሼ" አለች።

ለምስጋናው ደውላ ሁሉንም ነገረችው። እሱም ይህን ያህል ተመራማሪ የተቀበለው ሥራ በአንድ ገበሬ ስንዴ እንደማይፈርስ ሊያስረዳት ሞከረ። የፕሮፌሰርነት ማዕረጉ ሊታይ ተቃርቧል፤ የሚያስቆጥርለትም በዋናነት ይኸው ጽሑፍ ነው።

"ደግሞ እሱ ከተሰረዘ አንቺ ምን ይዘሽ ትመረቂያለሽ?" አላት።

እውነቱን ነው፤ የታተመ ጽሑፍ የሌለው አይመረቅም። ሒክማ ሐይቅ እናቷ ቤት ተመልሳ፣ ምግብ አልበላ እያላት ሰነበተች። በመጨረሻ ጽሑፉ ይሰረዝ ብላ ለጆርናሉ ጻፈች። የመጀመሪያው ደራሲ ካልተስማማ ምርመራው ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ መለሱላት። ጥናቱን ለጠቀሱት ሁሉ ጻፈች፤ አብዛኞቹ ዝም አሉ። አንዱ የራሱ ሥራ ታትሞ ስላለቀ ምንም ማድረግ እንደማይችል ነገራት፤ ሌላዋ አፕሊኬሽኑን በአገሯ ላሉ ገበሬዎች ልታድል እየተዘጋጀች እንደሆነ ጽፋ ስለ ጥናቱ አመሰገነቻት። ሒክማ ይህን ስታነብ አለቀሰች። የተጠቀሰበት ቁጥር በየሳምንቱ ይጨምራል።

በታኅሣሥ ምስጋናው ፕሮፌሰር ሆነ። የእሷ ምርቃት፣ ያቀረበችው አቤቱታ እስኪጣራ በሚል ቆመ። እናቷ ስለ ጽሑፉ ማውራት ተዉ።

የአቶ ሽታው ስንዴ ፍሬ ሳይዝ ለከብት ታጨደ። አንድም ቀን አልወቀሷትም፤ እሱ ነው የባሰባት።

"እኔስ የሆነው ሆኖብኛል" አሏት። "አሁን ግን በመስኖ የዘሩ አሉ። ያን ነገር ስልካቸው ላይ ጭነውታል። ንገሪያቸው።"

በገበያ ቀን ውጫሌ አብረው ወረዱ። ስንዴ የዘራ ያገኙትን ሁሉ ያስቆማሉ፤ እሳቸው ስለ ማሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ አፕሊኬሽኑን ታጠፋለች። አንዳንዱ ስልኩን ሰጣት። መሬት ተከራይቶ በመስኖ የዘራው ታረቀኝ ግን ስልኩን ከእጇ መልሶ ወሰደ። ጥናቱ ዓለም የመሰከረለት መሆኑን በሬዲዮ ሰምቷል።

"የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ" አለችው።

"የሠራው ፕሮፌሰር ምስጋናው ነው" አለና ሰዉ መሀል ገባ። ተከተለችው፤ ግን አጣችው።

በማግስቱ ጧት ሰው ጠይቃ ወንዝ ዳር ወዳለው ማሳው ሄደች። ታረቀኝ የለም፤ ሚስቱ ፋና ውኃ እያጠጣች ነበር። ሒክማ ጎንበስ ብላ የታችኞቹን ቅጠሎች አየች። ዋግ ጀምሮታል፤ ዛሬ ወይም ነገ ከተረጨ ግን ገና ይተርፋል። ፋናን ቅጠሉን በጣቷ እንድታሸው ለመነቻት። ፋና አሸችው፤ ጣቷ ቢጫ ሆነ። ሒክማም ይህ ዋግ መሆኑን፣ ስልኩ ምንም ቢል ታረቀኝ ቶሎ መርጨት እንዳለበት ነገረቻት።

ፋና ጣቷን ትክ ብላ አየችው።

"እሱ ስልኩን እንጂ እኔን መች ይሰማል" አለችና ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ ወደ ውኃው ተመለሰች።