የልብስ ሰፊው ጣቶች

ልብስ ሰፊው ካውያ መሞቁን የሚፈትነው እንዳስተማሩት ነው፤ ጣቱን በምራቁ ያርስና ብረቱን ነካ አድርጎ ይለቃል። ጭስስ ካለ በቂ ነው። ያን ቀን ግን ነክቶ አልለቀቀም። ጣቱ ብረቱ ላይ መቅረቱን የነገረው አፍንጫው ነው።

"ምንድን ነው የሚሸተው? ሱፉን አቃጠልከው እንዴ?" አለች ባለቤቱ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ እየተከለች።

"ሱፉ ደህና ነው።"

ተነሥታ መጣችና እጁን ገልብጣ አየች። የሌባ ጣቱ ጫፍ ነጭ ሆኖ አብጧል። እሱም የሌላ ሰው ጣት ይመስል አብሯት አየው። አልደነገጠም። ኬሞ ከጀመረ ወዲህ ድንጋጤም እንደ ምግብ ጣዕም ርቆታል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"መጀመሪያ ውርር ያደርገኝ ነበር። አሁን ሐሩን ከካኪ አልለይም።"

"ለሐኪሟስ ነገርካት?"

እጁን ከእጇ ሳብ አደረገ።

"አንተ ሰውዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?"

"በሽታውን መች ደበቅኩ? የደበቅኩት የመድኃኒቱን ሥራ ነው።"

"ጨዋታህን ለደንበኞችህ!"

ጨዋታ አልነበረም። ዕጢውን ከአንጀቱ ቆርጠው ካወጡለት በኋላ፣ የተረፈ ካለ መድኃኒቱ አሳድዶ ያጠፋዋል ብለውታል። ፀጉሩ ሲሳሳ፣ አፉ ሲቆስል "እየሠራልኝ ነው" ብሎ ቆጥሮታል። ጣቴ ደነዘዘ ቢል መድኃኒቱን ይነጥቁታል። ጣት ለልብስ ሰፊ እንጀራው ነው፤ ነፍስ ግን ትበልጣለች።

"እኔ አልናገርብህም፤ ጣቱ ያንተ ነው" አለችው፣ በቀጠሮው ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈችለት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ ጉሉኮሱን ሰቅላ ደም ሥሩን እየፈለገች፣ "ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? አዲስ ነገር አለ?" አለች።

"ደህና፣ ይመስገን።" ሁልጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው።

ባለቤቱ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። የራሷን እጆች ታያለች። ነርሷ መርፌውን አነሣች።

"ቆይ አንዴ ሲስተር" አለና የተቃጠለውን ጣቱን ዘረጋላት። ሁሉንም ነገራት።

ነርሷ መርፌውን መለሰችው። "ጋሼ፣ ይሄን ነበር የምጠይቅዎ! ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ያሳድዳል። ካንሰሩ ይባዛል፣ የፀጉር ሥርም ይባዛል፤ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች አንዱ ደግሞ ነርቭ ይጎዳል።"

"የሚጎዳው ስለሚሠራ አይደል?"

"አይደለም። ፀጉሩ ሳይነካም የሚሠራለት አለ፣ ረግፎም የማይሠራለት አለ። የጉዳቱ ብዛት የመሥራቱ መለኪያ አይደለም።"

ሐኪሟ ተጠርታ መጣች። ጣቶቹን በጥጥ ነካካች፣ ዓይኑን አስጨፍና "የቱ ጋ ነካሁ?" አለች። አላወቀም።

"ነርቭ የሚጎዳውን እናቆመዋለን" አለች። "ሌላው ይቀጥላል። ሕክምናው አልተቋረጠም።"

"ጣቴስ ይመለሳል?"

"ቀስ ብሎ ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል። ዝም ብለው ቢቀጥሉ ግን ይብስ ነበር።"

ደስታ ወይም ፍርሃት እስኪመጣ ጠበቀ። አንዱም አልመጣም።

"እንግዲህ የስፌት መኪናው ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ" አላት ባለቤቱን።

"አንተስ?"

"ልክ እወስዳለሁ። ዓይኔ አልደነዘዘም።"

"አሠሪዬ ልትሆን ነዋ!" ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

እሱም ለመሳቅ ሞከረ። አልመጣለትም። ክንዱን ለነርሷ ዘረጋ።