እስከ ዱካኑ ድረስ አንክሺ

ሀኒፋ የሰው ዓይን ትፈራለች። ወሎ ሳለችም ትፈራ ነበር፤ ካርቱም ከገባች ወዲህ ደግሞ ባሰባት፤ እዚህም ሰው ሁሉ ይፈራልና። የልጅ ልጇን ሉጥፊያን የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዛት ጀምሮማ መላ ሐሳቧ ይኸው ዓይን ሆነ።

ዶክተር ሂሻም ያዘዘላት አዲስ መድኃኒት ያዘላት። ጠዋት ጠዋት እንደ ግንድ ደርቃ ትነሣ የነበረች ልጅ፣ ፀጉሯን ራሷ ጎንጉና ከግቢ ሮጣ ወጣች። ሀኒፋ ከኋላ ደርሳ ቀሚሷን ጨመደደች።

«ቀስ በይ አንቺ! ሰው ያይሻል። እስከ ዱካኑ ድረስ አንክሺ።»

ጥጉ ላይ ካለው ዱካን፣ ከሱቁ ደጅ፣ የሰፈሩ ሴቶች ተቀምጠው ይውላሉ።

«ኧረ ሐቦባ!» ሉጥፊያ ሳቀች፤ ሱዳን ያደገ ልጅ አያቱን እንዲያ ነው የሚጠራው። «በየትኛው እግሬ? ትናንት በግራው ነበር።»

«በፈለግሽው! ብቻ ደህና ነኝ እንዳትይ።»

በቀጠሮው ቀን ሶባ ሆስፒታል ድረስ ሄዱ። የሐኪሙ ክፍል በር ክፍት ነው፤ ደጁ ሰው ሞልቶታል። የታመመ ልጇን የታቀፈች አንዲት እናት ሉጥፊያን ከእግር እስከ ራሷ ታያታለች።

«ሐጃ፣ መድኃኒቱ ረዳት?» አለ ዶክተሩ።

ሀኒፋ ያንን ዓይን አየች። «ኧረ ምንም! እንደነበረች ናት» አለችና ልጅቱን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ሉጥፊያ አንገቷን ደፋች።

«እንግዲያው እንለውጠው» ብሎ ሌላ ጻፈ።

ሐኪም የሰው አፍ ሰምቶ አያክምም፣ ራሱ ያውቃል ብላ፣ ሀኒፋ የሰጣትን ይዛ ተመለሰች።

የተለወጠው ግን አልያዘላትም። ረመዳን ሳይገባ የልጅቱ ጣቶች አብጠው ማበጠሪያ መጨበጥ አቃታቸው። ሀኒፋ ተመልሳ ሄደች፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኸች።

«ድና ነበር! ወላሂ ትሮጥ ነበር! ዓይን ፈርቼ ነው የዋሸሁ። የፊተኛውን ስጣት፣ ልጄ!»

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «የፊተኛው መምጣት አቁሟል፣ ሐጃ። ያኔ ቢነግሩኝ የተረፈውን ለሷ አስቀምጥ ነበር። አሁን ለሌሎች ልጆች ሆኗል። ሲመጣ አስጠራችኋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ከሐፍላው፣ ከአውቶቡሱ ወርደው ወደ ሰፈር ታጠፉ። ዱካኑ ታየ፤ ሴቶቹም። ሉጥፊያ የአያቷን ክንድ ተደግፋ እግሯን ትጎትታለች።

«ቀጥ በይ የኔ እናት» አለች ሀኒፋ። «ዛሬስ አታንክሺ። ይዩሽ፣ ግድ የለም።»

«ሐቦባ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ፣ «የዛሬው እኮ የእውነት ነው።»