በዋጋነሽ ጓሮ የተቆፈረው ቦይ

ዋጋነሽ የምትኖረው ኮልፌ ውስጥ፣ ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቀው ተዳፋት ላይ ነበር። ባሏ ገሜዳ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። እሱና ጎረቤቶቹ የቆፈሩት የጎርፍ ቦይ ግን ከቤቷ ጀርባ አለ። የክረምቱን ውሃ ከኮረብታው ተቀብሎ ወንዝ ይጨምረዋል። ሰፈርተኛው በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ቦዩን በደቦ ይጠርጋል፤ ዳርና ዳሩን ሸንበቆ ይተክላል፤ ከላይ ያለውን ወይራ ደግሞ ማንም አይነካውም።

ጣሊያን በገባ በዓመቱ ኮረብታው ላይ የበቅሎ ጦር ሰፈረ። ወይራውን ለማገዶ ጨፍጭፈው ጨረሱት። ፋንድያውን ቦዩ ውስጥ ይደፉታል። በቅሎ ሲሞትም በገመድ ጎትተው እዚያው ይጥሉታል። ዋጋነሽን ከግንቦት ጀምሮ እህል አልወርድ አላት። ከበቅሎው ዓይን የተነሳ ዝንብ ጉርሻዋ ላይ ያርፋል። ነጠላዋን አጥባ ብታሰጣ እንኳ ጥንብ ጥንብ ይሸታል።

የጦሩ አስተርጓሚ ዱባለ የሰፈሩ ልጅ ነው። በሕፃንነቱ እናቱ ታማ በተኛች ጊዜ ጡት ያጠባችው ዋጋነሽ ናት። ስለዚህ የቦዩን ነገር ልትነግረው ሄደች። ሽቶ የነካ መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዞ አገኘችው።

«ቦዩ ሊደፈን ነው፣ እማ ዋጋነሽ» አላት። «የመኪና መንገድ ይወጣበታል። ለውሃው ቱቦ ይቀበራል።»

«የቱቦው አፍ ምን ያህላል?»

ሁለት እጁን አቀራርቦ አሳያት።

«የምትጥሏቸው በቅሎዎች በዚህ ያልፋሉ?»

«እኔ የታዘዝኩትን ብቻ ነው የምናገረው። እነሱ የአበሻ ጉድጓድ ነው ብለው ንቀውታል።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ምን እላለሁ?»

ዋጋነሽ አፉን አየችው። ያን አፍ ማጥባቷ ትዝ ሲላት ሰውነቷን ቀፈፋት። ሳትሰናበተው ወጣች።

ሰኔ ላይ ቦዩ ከነጥንቡ በአፈር ተደፈነ። የድሮውን ቦይ ያስቀየሱት ሽማግሌ፣ አባ ነገሬ፣ ተዳፋቱን ዞረው አይተው መጡና «ሐምሌን አናልፍም» አሉ። «ሌላ ማውረጃ ካልተገኘ ከዚህ በታች ያለው ቤት ሁሉ ይሄዳል።»

«በእኔ ጓሮ አውርዱት» አለች ዋጋነሽ። ጎመኗም ጌሾዋም እዚያ ነበር።

ሃያ ያህል ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ገባ። በአራተኛው ቀን ዱባለ አንድ ጣሊያን አስከትሎ መጣ። ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው አለ።

«የሰፈሩ ሽንት ቤት ነው» አለችው ዋጋነሽ። «ቀርቦ ይይ በለው።»

ዱባለ ጥቂት አመነታና ተረጎመ። ጣሊያኑ ፊቱን አጨማዶ፣ አፍንጫውን ይዞ ተመለሰ። ዱባለም ተከተለው።

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። ወይራው ስለሌለ ኮረብታው ውሃውን አልያዘውም። ቱቦው ታነቀ፤ መንገዱ ተሰነጠቀና የታጨቀበትን ግም ሁሉ ተፋው። አዲሱ ቦይ አብዛኛውን ተቀብሎ ወንዝ አደረሰው። ከዋጋነሽ በታች ያሉት ዘጠኝ ቤቶች ተረፉ። ከመንገዱ ማዶ ግን መቆፈር አልተቻለም ነበርና ጎርፉ ወደዚያ አቀና። ብቻዋን የምትኖረው አሮጊት አጸደ ከቤቷ መውጣት ሳትችል ቀረች።

በማግስቱ ዋጋነሽና ጎረቤቶቿ የአጸደን አስከሬን አውጥተው ካጠቡ በኋላ ቤቱን ሲያጸዱ ዱባለ መጣ።

«አዲሱን ቦይ ድፈኑ ተብላችኋል» አለ ወደ መሬት እያየ። «መንገዱን ያፈረሰው እሱ ነው ተብሎ ተጽፏል።»

«ማን ነገራቸው?»

መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫው ላይ ያዘ።

ክንዱን ይዛ ወደ አጸደ ቤት አስገባችው። መደቡ ላይ፣ አሮጊቷ ትተኛበት በነበረው ቁርበት ላይ፣ ሆዱ የፈነዳ በቅሎ ተጋድሟል። ትሉ እስከ ግድግዳው ይርመሰመሳል።

«ይህንንም ተርጉምላቸው» አለችው።

ዱባለ ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ አስመለሰው። ዋጋነሽ ውሃ እንኳ አላቀበለችውም፤ አካፋዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቦዩን የደፈነ ሰው አልነበረም። ሊያስደፍን የመጣም አልነበረም፤ የበቅሎው ጦር ከመስከረም በፊት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በሚቀጥለው ሰኔ ሰፈርተኛው በዋጋነሽ ጓሮ ዳርና ዳር ሸንበቆ፣ ኮረብታው ላይ ደግሞ የወይራ ችግኝ ተከለ። ችግኙ አድጎ ለኮረብታው ጥላ እስኪሆን ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ ሁሉም ያውቃል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ዱባለ ሽማግሌ ልኮ እግሯ ላይ ወደቀ። ዋጋነሽ «እግዜር ይፍታህ፤ እኔም ይቅር ብያለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ ዕርቁ እንዲጸና አብራው እንድትቆርስ መሶቡን አስጠጉላት።

እጇን ዘረጋች፤ የሱ እጅ ወጡን ሲነካ አየችና እጇን መለሰች።

«ይህንን ግን አልችልም» አለች። «አይወርድልኝም።»

ሽማግሌዎቹም አላስገደዷትም።