በአስፋው አንደበት የተነገረ ሕመም

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር በሚገኘው ክሊኒክ ጸሐይወርቅ ከባሏ ከአስፋው ጎን ተቀምጣ፣ ሕመሟ በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ታደምጣለች። ሁለቱም በአገራቸው መምህራን ነበሩ። በስደት ግን ስለ ቤቱ የሚናገረው ባል ነው የሚለው ደንብ ማንም ሳይደነግገው ጸንቷል። ዐረብኛውን እሷም ሱቅ ዐረቢ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ ተክናበታለች፤ ሐኪም ፊት ዝም ማለቱ የጨዋ ሚስት ወግ ሆኖባት እንጂ።

«እንቅልፍ ነው፣ ያ ዶክቶራ፤ ሌላ ምንም የለባትም» አለ አስፋው ለሐኪሟ በዐረብኛ።

እንቅልፍ ማጣት የተከበረ ስም ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «የዚህ የጀሪፍ ሰፈር ሙቀት መቼ ያስተኛል!» ብሎ ይቀበለዋል። እህል አፈር አፈር እንደሚላት፣ ልጇን ስታቅፍ ክንዷ እንደሚደነዝዝ አስፋው ያውቃል፤ እያወቀ ይዘለዋል። አንዴ «መጅኑና» የተባለች ሴት በስደተኛ መንደር እብድ ከሚለው ስም አትፋታም ባይ ነው። ዓባይን ባየች ቁጥር ውሃው እንደሚጠራት ግን ለእሱም አልነገረችውም።

ሐኪሟ ናስራ የእንቅልፍ ክኒን ልታዝ ብዕሯን አነሣች። ጸሐይወርቅ ያን ክኒን ታውቀዋለች፤ ያስተኛል፤ ሲነጋ ግን ጨለማው ካለበት ንቅንቅ አይልም። አሁን ሙሉ እሽግ እጇ ቢገባ ራሷን አታምንም።

«ቆይ፣ ያ ዶክቶራ፤ አትጻፊ!» አለች፣ ጥርት ባለ የካርቱም ዐረብኛ።

አስፋው ክው አለ። «ጸሐይ፣ ምን ነካሽ? እየነገርኳት አይደል?» አላት በአማርኛ።

«አንተ ታንኮራፋለህ፣ እኔ ነቅቼ አድራለሁ፤ ምስክሩ ደግሞ አንተ!»

ናስራ ቋንቋው ባይገባትም ቁጣው ገብቷት ፈገግ አለች። «ወላሂ፣ ይህን ዐረብኛ የት ደብቀሽው ነበር? በይ ተናገሪ፣ እህቴ።»

ተናገረች። አፈሩን፣ ክንዷን፣ በመጨረሻም ውሃውን። ድምፅዋ እንደ ክረምት ወንዝ ዳርቻውን ጥሶ ወጣ። የዓባይ ውሃ ነገር ሲነሣ አስፋው እጇን አፈፍ አድርጎ ያዘ።

«ይህ ድብርት ነው» አለች ናስራ። «እብደት አይደለም፤ ሕመም ነው፣ ይታከማል። እንቅልፉንም አንተወውም፤ ሁለቱን አብረን እንይዛቸዋለን። መድኃኒቱ ግን ለጊዜው በባልሽ እጅ ይቀመጥ። ለመሆኑ ውሃው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጠራሽ?»

አስፋው በልማድ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

«እሷ ትንገርሽ» አለ።

ጸሐይወርቅ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ስባ፣ ቀና ብላ መለሰች።