ለአርባ አንድ ነጥብ የሞተችው አክስት

አክስትየዋ ለመሞት የተስማማችው እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። ያስገደዳት የለም። ሐሳቡን ያመጣው የልጅቷ ወንድም ነበር፤ እሷ ግን እስኪጨርስ ጠብቃ፣ እጇን በፎጣ አደራርቃ፣ ለልጅቷ የሚጠቅም ከሆነ ደስ ይለኛል አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ ቆይቱ እያለ የሚጠራት ልጅ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትና ከመቶ አርባ አንድ አመጣች። የሚፈለገው ስልሳ ነበር። ቆይቱ የተባለችው ከልጅነቷ ጀምሮ ምን ቢጠይቋት መጀመሪያ ከአፏ የሚወጣው «ቆይ» ስለሆነ ነው። ስንት ሰዓት ነው? ቆይ። ራት ትበያለሽ? ቆይ። እናቷ ስታወራ፣ ገና ስትወለድ እንኳ አዋላጆቹን ፈረቃ አስቀይራለች ትላለች።

ሥራዋ ላውንደሪ ቤት ባንኮኒ ላይ ቆሞ ልብስ መቀበል ነው። ኮት ሲሰጧት አንገቱ ሥር የተሰፋችውን ጨርቅ ገልብጣ የተጻፈባትን ሁሉ ታነባለች። ኪሱን ትፈትሻለች። እድፉን ወደ መስኮቱ ይዛ ታየዋለች፤ ምን እንደፈሰሰበት ትጠይቃለች፤ ሲነግሯትም ሌላ ጥያቄ ታስከትላለች። ሰልፈኛው ከኋላ ያጉረመርማል፣ አንዳንዱም ትቶ ይሄዳል። የቤቱ ባለቤት ብዙ ጊዜ ሊያባርራት አስቦ ነበር፤ እስካሁን በስሕተት በሙቅ ውሃ የታጠበ ልብስ ስለሌለ ግን ሰበብ አላገኘም።

ሕግ መማር ያማራት እዚያው ባንኮኒ ላይ ነው። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ጠበቃውን አስከትሎ መጣና ተኳሹን፣ ልብስ የሚተኩሰውን ማለት ነው፣ ኮቴን አቃጠልክ አለው። ጠበቃው በጣም ፈጥኖ ያወራ ነበር። ተኳሹ ሰውየው ትንፋሽ እስኪወስድ ጠብቆ መልስ ሊሰጥ አሰበ፣ ሰውየው ግን ትንፋሽ አልወሰደም። በመጨረሻ ተኳሹ ሥራውን ለቆ ሄደ። ቆይቱ ኮቱን ስትቀበል ቃጠሎው እንደነበረበት አይታለች፣ ለደንበኛውም ነግራዋለች። ይህን ለመናገር አፏን ስትከፍት ሰዎቹ ወጥተዋል። ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሳት።

እናም ተፈተነች፤ አርባ አንድ። ዓመቱን ሙሉ ስታጠና ከርማ ዘንድሮም ተፈተነች፤ አርባ አንድ። እናቷ ቢያንስ አልወረደችም ብላ አጽናናቻት።

ትምህርት ቤቱ ከስልሳ በታች ያመጡ ሰዎች አሳማኝ ምክንያት ካላቸው ቀርበው ለኮሚቴ ማስረዳት ይችላሉ የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ወንድሟ ቤት የሚያሻሽጥ ደላላ ነው፤ ነገር ሲፈጥን ይወዳል። አሳማኝ ምክንያት ማለት ሕመም ወይም ሞት ነው ሲል ደመደመ። ሕመም የሐኪም ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ለሞት ግን ሰው ማስረጃ አምጪ ለማለት ያፍራል። ቀጥሎ ማን ይሙት የሚለው ተነሣ። አባትየው በእውነትም ከሞቱ ቆይተዋል። እናትየው አፌን በክፉ አላሟሽም አለች። አክስትየዋ ቀረች። እሷም ስትስማማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ በሽታውን ራሷ እንድትመርጥ። ልብ የሁሉም ሰው በሽታ ነው ብላ ኩላሊትን መረጠች።

በቀጠሮው ቀን ቆይቱ ብቻዋን መሄድ ስለፈራች አክስትየዋ አብራት ሄደች። የቆይቱ ወንድም የሞተ ሰው ቤቱ ይቀመጥ ብሎ ተቆጥቶ ነበር። አክስትየዋ ግን ኮሪደር ማለት ክፍል ማለት አይደለም ብላ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። መሐል የትምህርት ቤቱ ዲን፣ በቀኝ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ በግራ አንዲት ወጣት መምህርት። ጠረጴዛው ላይ የቆይቱ ፋይል ተዘርግቷል። ዲኑ ምክንያቷን ጠየቋት። ቆይቱ ወንድሟ እንዳስጠናት፣ ያለቀሰች እንድትመስል ዓይኗን በጨው አጥባ፣ በፈተናው ዋዜማ አክስቷ በኩላሊት እንደሞተችባት ተናገረች።

«ነፍስ ይማር» አሉ ዳኛው።

«አሜን» አለች ቆይቱ።

መምህርቷ ፋይሉን አገላበጠች። «የአምናው ውጤትሽም አርባ አንድ ነው» አለች። «አምናስ ማን ሞተ?»

ቆይቱ አንድ አጎት ነበራት፤ ግን አልተማከረም። መሬቱን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ የዳኛውን ያዘነ ፊት አየች።

«አምና ማንም አልሞተም» አለች። «ዘንድሮም አልሞተም። አክስቴ ውጭ ተቀምጣለች።»

ዲኑ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ዳኛው ተነሥተው በሩን ከፈቱና ሟቿ እንድትገባ ጋበዟት።

አክስትየዋ የሦስቱን ፊት ስታይ ነገሩ ገባት። የተሰጣት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዲኑ ሞተች ተብሎ እንደተነገረላት ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። ከእሑድ ጀምሮ እንደምታውቅ፣ ኩላሊቱንም የመረጠችው ራሷ እንደሆነች ሳትደብቅ መለሰች። ሐሳቡ የማን ነበር ሲሏት አፏን ከፈተች።

«አክስቴ፣ ይህን መመለስ የለብሽም» አለች ቆይቱ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ራሷም በድምፅዋ ደነገጠች፤ ግን አላቆመችም።

«አመልካቿ እኔ ነኝ። የዋሸሁትም እኔ ነኝ። እሷ የመጣችው ብቻዬን እንዳልሆን ነው። የሚጠየቅ ካለ እኔን ይጠይቁኝ።»

ዲኑ አክስትየዋ ራሷ በውሸቱ መስማማቷን አሁን በአፏ ተናግራለች አሉ።

«ቆይ» አለች ቆይቱ። ለዲን እንዲህ አይባልም፣ ግን አምልጧት ወጣ። ጥቂት አሰበች። «እሷ ለእናንተ ሞቻለሁ አላለችም። በሕይወት እያለች ነው እዚህ የመጣችው፣ በሕይወት እያለች ነው ውጭ የተቀመጠችው። ስትጠየቅም እውነቱን ተናገረች። እዚህ ክፍል ውስጥ የተዋሸው ውሸት አንድ ነው፣ እሱም የእኔ ነው።»

ዳኛው ወደ ዲኑ ዞር አሉ። ዲኑ ጥያቄውን ተዉት። አክስትየዋ የከፈተችውን አፍ ዘጋች።

መምህርቷ ታዲያ እውነተኛው ምክንያት ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ቆይቱ ይህኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበዳት። አክስትን መግደል ቀላል ነበር፤ ስለ ራስ መናገር ግን ፊት ያቃጥላል። አንደኛ ክፍል ሳለች መምህሩ ወረቀቱን ከእጇ ነጥቆ፣ ገና ስሟን ጽፋ አልጨረሰችም ብሎ ለልጆቹ ሁሉ ሲያሳይ ክፍሉ የሳቀው ሳቅ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለ።

«ቀርፋፋ ነኝ» አለች። «አልጨርስም። አንዱን ጥያቄ ደጋግሜ ካላነበብኩት አላምነውም። ደወሉ ሲደወል ገና ግማሹ ጋ ነኝ።»

መምህርቷ የመልስ ወረቀቶቹን አውጥታ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ከዚያ ለዳኛው አቀበለቻቸው። ቆይቱ የደረሰችባቸውን ጥያቄዎች በሁለቱም ዓመት ከጥቂቶቹ በቀር በትክክል መልሳለች። ከዚያ በኋላ ያለው ነጭ ነው። ዲኑ ፍጥነትም የፈተናው አካል ነው አሉ። ቆይቱ ልክ ነው አለች፤ የምትከራከርበት ነገር አልታያትም።

ዳኛው ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። «ልጄ፣ ይህን የመሰለ ምክንያት እያለሽ አክስትሽን ምን አስገደለሽ?»

የመለሰችው አክስትየዋ ነበረች። «ምክንያት መሆኑን አላወቅንም» አለች። «በእኛ ቤት ጠባይ ነው የሚባለው።»

ከክፍሉ አስወጥተዋቸው ሦስቱ ብቻቸውን መከሩ። የተባባሉትን ቆይቱ የሰማችው ከጊዜ በኋላ ከመምህርቷ ነው። ዲኑ ገና በሩ ላይ የዋሸ ሰው ሕግ ይማር አልልም ብለዋል። ዳኛው በበኩላቸው ዕድሜዬን ሙሉ ችሎት ላይ ስቀመጥ ውሸቱን በራሱ አፍ ያጋለጠ ምስክር ያየሁት ከስንት አንዴ ነው አሉ። ዲኑ፣ እሷም ያጋለጠችው ስትያዝ አይደለም ወይ ሲሉ፣ ዳኛው አዎ፣ ግን ሌላ ዘመድ መግደል ትችል ነበር ብለው መለሱ። መምህርቷ ድምፅዋን ለዳኛው ሰጠች። ሁለት ለአንድ ሆነና ቆይቱ ገባች፤ ግማሽ ዓመቱን በሙከራ እንድትማር፣ በአንድ ትምህርት እንኳ ብትወድቅ እንድትሰናበት፣ በጽሑፍም ይቅርታ እንድትጠይቅ ተወሰነ። የይቅርታው ጽሑፍ አንድ ገጽ ነበር፤ ሳምንት ፈጀባት። ዲኑ አንብበው አንዲት ስሕተት አላገኙበትም፤ ይህም ደስ አላሰኛቸውም።

ቤት ውስጥ ደስታ ሆነ። ወንድሟ ብቻ ተቀየመ፤ የእኔ ምክንያት ምን ጎድሎት ነው በሌላ የገባችው እያለ ለብዙ ቀን አኮረፈ። አክስትየዋ ግን በየሄደችበት እንዴት ሞታ እንዴት እንደተነሣች ታወራ ነበር፤ በየጊዜውም ኩላሊቱ እየከፋ ሄደ።

ትምህርቱ ቆይቱ ከፈራችውም ባሰ። መጻሕፍቱ ወፍራሞች ናቸው። ፈጣኖቹ ተማሪዎች ሦስት ምዕራፍ ሲያገላብጡ እሷ አንዱን ትጨርሳለች። ክፍል ውስጥ ስትጠየቅ ገና ስታስብ ሌላው ይመልሳል፤ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ መልሱ ይመጣላትና ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ትናገረዋለች። ማታ ማታ ዓይኗ ቀልቶ፣ ይህን ሁሉ ምን አመጣብኝ እያለች አልቅሳለች። ጠዋት ጠዋት ላውንደሪ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል። መምህርቷ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት እንድትጠይቅ መከረቻት። ጠየቀች፤ ከዲኑ በቀር ሁሉም ፈቀዱላት። ዲኑ ችሎት ተጨማሪ ሰዓት አይሰጥም አሉ።

ግማሽ ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉንም አለፈች፤ የዲኑን ትምህርት በአንድ ነጥብ። የመጨረሻው ጥያቄ ባዶ ነበር። ዲኑ በባዶው ቦታ ላይ በቀይ አንድ ቃል ጽፈዋል፤ «ይጨርሱ» የሚል።

ቆይቱ ቃሉን ደጋግማ አነበበችው። ተግሣጽ ይሁን፣ ምክር ይሁን፣ ምርቃት ይሁን ሊገባት አልቻለም። ለአክስቷ አሳየቻት፤ አክስትየዋ ምርቃት ነው አለች። ለወንድሟ አሳየችው፤ ስድብ ነው አለ። በማግሥቱ ቢሯቸው ሄዳ ተግሣጽ ነው፣ ምክር ነው ወይስ ምርቃት ብላ ራሳቸውን ጠየቀቻቸው። ዲኑ ከወረቀታቸው ቀና ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሦስቱም» አሉ።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ ይኖራት እንደሆነ ጠየቋት። ነበራት። ዲኑ ሰዓታቸውን አዩ፣ ትንሽ ተነፈሱ፣ ወንበሩን አሳዩአት።